ሀይዌይ ፓትሮልማን፦ አሮጌውን የፖሊስ ስድስት ጎራሽ መርምሮ መግዛት

የመጀመሪያውን ሪቮልቨሬን የመረጠልኝ ዓይኔ ብቻ ነበር። ቨርጂኒያ ውስጥ በአንድ የመሣሪያ ገበያ ከተደረደሩት አሮጌ ሽጉጦች መካከል እንደ መስተዋት የሚያንጸባርቀውን አነሳሁ፣ ዋጋውን ጠየቅሁ፣ ብዙም ሳልከራከር ገዛሁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ በተኩስ መለማመጃ ስፍራ አጠገቤ የቆሙ አንድ አዛውንት የአገሬ ሰው «እስቲ ልየው» ብለው ተቀበሉኝ። ሲሊንደሩን፣ ማለትም ጥይቶቹን የሚይዘውን ተሽከርካሪ ክፍል፣ ከፈቱ፣ ባዶ መሆኑን አዩ፣ ሽጉጡን ወደ መብራቱ አዘነበሉና አውራ ጣታቸውን በአናቱ ላይ አሳለፉበት። «ልጄ፣ ይህ ነገር ሲወለድ እንዲህ አያበራም ነበር» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። የገዛሁት ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ሞዴል 28 ነበር፤ ፋብሪካው ሆን ብሎ ሳይወለውል የሸጠው ሽጉጥ። ከእኔ በፊት የነበረ አንድ ባለቤት አስፈግፍጎ እንደገና አስጠቁሮታል። ሰብሳቢዎች ዋጋ የሚቀንሱበትን ጉድለት እኔ ተጨማሪ ገንዘብ ከፍዬ ወሰድሁት። ከዚያ ወዲህ የተማርሁትን አሜሪካ ለሚኖርና እንዲህ ያለ ሽጉጥ በሕጋዊ መንገድ መግዛት ለሚፈልግ አንባቢ ላካፍል። ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ዕቃውን ይወቁ

ኩባንያው «ኤን ፍሬም» ብሎ የሚጠራውን ትልቁን አካል የጀመረው በ1908 ነው። በ1930 ፖሊሶች የወንበዴ መኪና ብረት የሚበሳ ጠንከር ያለ ጥይት ሲፈልጉ በዚሁ አካል ላይ .38/44 የተባለውን ሽጉጥ ሠራላቸው። በ1935 ደግሞ .357 ማግነም የተባለው ጥይት ከነሽጉጡ መጣ። የመጀመሪያው ሽጉጥ ለኤፍ ቢ አይ ዳይሬክተር ለጄ ኤድጋር ሁቨር የተሰጠ ሲሆን የመሸጫ ዋጋው 60 ዶላር ነበር፤ በዚያ የችግር ዘመን ይህ ለብዙ ሰው የሳምንታት ደመወዝ ነው። የማግነሙ ቀለህ ከቀድሞው .38 ስፔሻል ጥይት ቀለህ በሦስት ሚሊሜትር ከምናምን ይረዝማል። ያስረዘሙት በምክንያት ነው፦ ኃይለኛው ጥይት በስሕተት አሮጌና ደካማ .38 ሽጉጥ ውስጥ እንዳይገባ። የተገላቢጦሹ ግን ይሠራል፤ .357 ሽጉጥ .38 ስፔሻልን ያለ ችግር ይጎርሳል። ይህን ያስታውሱ፣ በኋላ እንመለስበታለን።

ከጦርነቱ በኋላ ያ ሽጉጥ ኋላ ሞዴል 27 የተባለው ሆነ። አናቱ ላይ በእጅ የተቀረጸ የሚመስል ደቃቅ ፍርግርግ፣ ፊት የሚታይበት ወልዋላ ጥቁር ሰማያዊ ብረት፤ በአጭሩ የሠርግ ልብስ የለበሰ መሣሪያ ነው። የአውራ ጎዳና ፖሊሶች ግን ሽጉጡን እንጂ የሠርግ ልብሱን አልፈለጉትም። ስለዚህ በ1954 ፋብሪካው ፍርግርጉን ትቶ፣ ውልወላውን ቀንሶ፣ አናቱን ደብዛዛ አድርጎ በቅናሽ አወጣውና በአፈሙዙ ግራ ጎን «ሀይዌይ ፓትሮልማን» ብሎ ጻፈበት። ሞዴል 28 የሚለው ቁጥር የመጣው በ1957 ነው። ብረቱ ያው፣ የውስጥ ዕቃው ያው፤ የተቀነሰው የወልዋዩ የሥራ ሰዓት ብቻ ነው። ቴክሳስ፣ ፍሎሪዳና ዋሽንግተን ግዛትን ጨምሮ በብዙ ቦታ የትራፊክ ፖሊሶች ወገብ ላይ ዋለ።

ጉድለቱ ክብደቱ ነው። ባለ 4 ኢንቹ ባዶውን 1.2 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ስምንት ሰዓት ሙሉ መኪና ውስጥ ሲወጣና ሲገባ የሚውል ሰው ይህን በወገቡ ያውቀዋል። በ1955 በመካከለኛው አካል ላይ የተሠራው ሞዴል 19 ሲመጣ ብዙዎቹ ወደ እሱ ዞሩ። 28 ግን እስከ 1986 ድረስ መሠራቱ አልቀረም። በዚያ ጊዜ የአሜሪካ ፖሊስ ሪቮልቨርን ትቶ ወደ ባለ ካርታ አውቶማቲክ ሽጉጥ መሸጋገር ጀምሮ ነበር። መሥሪያ ቤቶቹ አሮጌዎቹን ለነጋዴ እያስረከቡ አዲስ ወሰዱ፤ ዛሬ በገበያ የምናያቸው አብዛኞቹ የዚያ ርክክብ ቅሪት ናቸው።

ለገዢ ትልቁ ቁም ነገር ይህ ነው፦ የፖሊስ ሽጉጥ ብዙ የተሸከሙት፣ ጥቂት የተኮሱበት ነው። ከማኅደር ሲወጣና ሲገባ ቆዳው ቅቡን ይልጠዋል፣ የመኪና በር ይገጨዋል፣ ዝናብ ይመታዋል። የሚተኮስበት ግን በዓመት ጥቂት ቀን ለፈተና ነው፤ ያም ብዙ ጊዜ በለስላሳው .38 ጥይት። ስለዚህ ከውጭ ያረጀ፣ ከውስጥ ወጣት የሆነ ሽጉጥ ማግኘት ይቻላል። የሚፈልጉት እሱን ነው።

አንደኛ፦ ራስዎን ይመርምሩ

ሽጉጡን ከማየትዎ በፊት ሕጉ እርስዎን ምን እንደሚልዎት ይወቁ። በፌዴራል ሕግ ፈቃድ ካለው ነጋዴ ሽጉጥ ለመግዛት 21 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል። ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ሰው መግዛት ይችላል። በተማሪ፣ በጎብኚ ወይም በጊዜያዊ ሠራተኛ ቪዛ የገባ ሰው ግን እንደ አደን ፈቃድ ካሉ ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር መግዛት ቀርቶ ሽጉጥም ጥይትም መያዝ አይችልም። እዚህ ላይ የእኛ ሰው ይሳሳታል። ለትምህርት የመጣ የአክስት ልጅን «ና እስቲ ተኩስ» ብሎ መለማመጃ ቦታ መውሰድና ሽጉጥ ማስያዝ ልጁን ከአገር ሊያስባርረው የሚችል ነገር ነው። ደግነት መስሎዎት አያድርጉት።

በቤት ውስጥ ጥቃት የተፈረደበት ሰውም አይችልም፤ ክሱ ቀላል ተብሎ የተመዘገበ ቢሆንም። ማሪዋና በሚኖሩበት ግዛት የተፈቀደ ቢሆንም በፌዴራል ሕግ ተጠቃሚው ሽጉጥ እንዳይገዛ ይከለክላል፤ በነጋዴው ዘንድ የሚሞሉት ቅጽ 4473 ይህን በግልጽ ይጠይቃል። ቅጹ «እውነተኛው ገዢ እርስዎ ነዎት?» ሲል ደግሞ በትክክል ይመልሱ። ሌላ ሰው ገንዘብ ሰጥቶዎት በስምዎ ቢገዙለት ወንጀል ነው፣ የእናትዎ ልጅ ቢሆንም።

ከዚህ በላይ የየግዛቱ ሕግ አለ። ሜሪላንድ አስቀድሞ የሽጉጥ መግዣ ብቁነት ፈቃድ ይጠይቃል፣ የ7 ቀን መጠበቂያም አለው፤ ዋሽንግተን ዲሲ ማስመዝገብን ግዴታ ያደርጋል፤ ቨርጂኒያ በ2020 በግለሰቦች መካከል ለሚደረግ ሽያጭም የጀርባ ማጣሪያ የሚጠይቅ ሕግ አውጥቷል። ከሌላ ግዛት የሚገዛ ሽጉጥ በቀጥታ ወደ ቤትዎ አይመጣም፤ በእርስዎ ግዛት ወዳለ ፈቃድ ያለው ነጋዴ ተልኮ እዚያ ነው የሚረከቡት። ዕድሜው 50 ዓመት የሞላ መሣሪያ በሕጉ የቅርስ ያህል ስለሚቆጠር 30 ዶላር ተከፍሎበት ለሦስት ዓመት የሚያገለግል የሰብሳቢ ፈቃድ አለ፤ አንድ ብቻ ለመግዛት ግን አያስፈልግም። ሕግ ይለዋወጣልና ከመክፈልዎ በፊት ነጋዴውን ይጠይቁ።

አንድ ነገር ልጨምር። «አገር ቤት ወስጄ ለአባቴ» የሚለውን ሐሳብ ከአሁኑ ይተዉት። ከአሜሪካ ማውጣቱም፣ በጦር መሣሪያ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 (ይህ ዓመት ብቻ በእኛ አቆጣጠር ነው) ምክንያት ኢትዮጵያ ማስገባቱም የሚያስጠይቅ ነው።

ሁለተኛ፦ ቁጥሩን ያንብቡ

ሻጩን «ልክፈተው?» ብለው ይጠይቁ። በግራ በኩል ያለውን ቁልፍ በአውራ ጣት ወደ አፈሙዙ አቅጣጫ ይግፉና ሲሊንደሩን ወደ ግራ ያውጡ። ስድስቱንም የጥይት ጉድጓድ በዓይን ይዩ፣ በትንሹ ጣት ይዳስሱ። ሻጩ ባዶ ነው ቢልም ይድገሙት፤ እሱም አይቀየምም፣ ከተቀየመም ገበያዎ አይደለም።

ሲሊንደሩን የሚሸከመው ክንድ ሲወጣ በአካሉ ላይ ሞዴሉ ተመትቶ ይታያል። ቁጥር ከሌለው ከ1957 በፊት የተሠራ ሊሆን ይችላል። ከ28 ቀጥሎ ሰረዝና ሌላ ቁጥር ከሌለ ቀደምት ነው። ሰረዝ አንድ (28-1) ብርቅ ነው። ሰረዝ ሁለት ከ1961 ጀምሮ ለሃያ ዓመት ያህል የተሠራውና በብዛት የሚያገኙት ነው። ሰረዝ ሦስት የ1982 እና ከዚያ በኋላ ሲሆን ሁለት ነገር ቀርቶበታል፦ አፈሙዙን ከአካሉ ጋር የሚያያይዘው ተሻጋሪ ሚስማርና የጥይቱን ከንፈር ውስጥ የሚያስቀምጠው የጉድጓዱ ጠርዝ። ሰብሳቢ ሁለቱንም ይወዳል፤ ሽጉጡ ግን ያለ እነሱም እኩል ይተኩሳል፤ እኔ ለሚስማር ብዬ ብዙ ብር አልጨምርም።

እዚያው አጠገብ ሌላ ቁጥር አለ። ጀማሪ ሁሉ መለያ ቁጥሩ ይመስለዋል። በአሮጌዎቹ ላይ ይህ የፋብሪካ የመገጣጠሚያ ቁጥር ብቻ ነው። እውነተኛው መለያ ቁጥር ከእጀታው ሥር፣ ከታች ባለው ብረት ላይ ይገኛል። በላቲኑ ኤስ ፊደል ከጀመረ በጥቅሉ እስከ 1969፣ በኤን ከጀመረ ከዚያ በኋላ ነው። ሰፊ የእንጨት ወይም የጎማ እጀታ ከገባበት ቁጥሩ ይሸፈናልና ይፈቱልኝ ይበሉ። እጀታው ሲወጣ ሌላም ነገር ይታያል፤ የፖሊስ ላብ ለዓመታት ጎማ ሥር ተጠራቅሞ የበላው ብረት። ላይ ላዩን ያለ ቡናማ ዝገት በዘይት ይለቃል፤ ጉድጓድ የቆፈረ ግን ለዘላለም ነው።

ሦስተኛ፦ ቅቡን ይጠርጥሩ

እኔን ያስከፈለኝ ይህ ስለሆነ ልዘግይበት። ሞዴል 28 በአናቱ ላይ፣ ከኋላ ማነጣጠሪያው ጀምሮ እስከ አፈሙዙ ጫፍ ድረስ፣ ብርሃን የማይመልስ ደብዛዛ መሆን አለበት፤ ፖሊሱ ሲያነጣጥር ፀሐይ ዓይኑን እንዳትወጋው። ጎኖቹ ጥቁር ሰማያዊ ናቸው፤ ግን ወደ ብርሃን ሲያዘነብሉት ደቃቅ የውልወላ መስመሮች ይታያሉ። እዚህ ላይ መስተዋት ካዩ የሰው እጅ ገብቶበታል።

ቀጥሎ ፊደሎቹን ይዩ። «ሀይዌይ ፓትሮልማን» የሚለው ጽሑፍ ጠርዙ ስለታም መሆን አለበት። እንደ ተላሰ ሳሙና የለዘበ ከሆነ ብረቱ ተፈግፍጓል። የጎን ክዳኑን ብሎኖች ይዩ፤ የተፈገፈገ ብረት በብሎኑ ዙሪያ እንደ ጎድጓዳ ሳህን ይሰረጉዳል። ክዳኑ ከአካሉ ጋር የሚገናኝበት መስመርም ፀጉር የማያስገባ መሆን አለበት፤ ከተራራቀ ወይም ጠርዙ ከተቆረሰ አንድ ሰው በካቻቢቴ ፈልቅቆ ከፍቶታል። ክዳን የሚከፈተው ብሎኖቹ ወጥተው የእጀታው ብረት በእንጨት መዶሻ መታ መታ ሲደረግ ነው፤ የሚፈለቅቅ ሰው ውስጡንም ምን እንዳደረገው እግዚአብሔር ይወቅ። በመጨረሻም የሽጉጡ የራሱ መዶሻ፣ ጥይቱን የሚመታው ክፍል፣ እና ምላጩ። እነዚህ ከፋብሪካ ሲወጡ ውኃ ላይ እንደ ተንሳፈፈ ዘይት የተዥጎረጎረ ግራጫ ቀለም አላቸው። እነሱም እንደ አካሉ ከጠቆሩ ሽጉጡ በሙሉ ገንዳ ውስጥ ተነክሯል ማለት ነው።

በአንጻሩ የማያስፈራው፦ በአፈሙዙ ጫፍ ሁለት ጎንና በሲሊንደሩ የፊት ጠርዝ ቅቡ ተልጦ ብረቱ ነጭ መሆኑ። ይህ የማኅደር ጠባሳ ነው፣ ሐቀኛ ነው። በሲሊንደሩ ወገብ ዙሪያ የምትታየው ቀጭን ክብ ጭረትም የአሠራሩ ውጤት እንጂ በሽታ አይደለችም። ጀርባው ላይ የተቆረጠ የመደርደሪያ ቁጥርም፣ ማለትም መሥሪያ ቤቱ ሽጉጦቹን የሚለይበት ቁጥር፣ ቢኖር ለእኔ ጌጥ ነው፤ የመሥሪያ ቤቱ ምልክት ግልጽ ከሆነ አንዳንድ ሰብሳቢ እንዲያውም ይጨምርበታል።

አራተኛ፦ ሞተሩን ይሞክሩ

አሁን ሻጩን እንደገና ያስፈቅዱ፤ መዶሻ ሲሳብ የማይወድ አለ። ሲሊንደሩን በእጅዎ ቀስ ብለው ይዝጉ። በፊልም እንደሚታየው በእጅ አንጓ አወናጭፎ መዝጋት ክንዱን ያጣምማል፤ ሻጩ ራሱ እንዲያ ሲያደርግ ካዩት አመስግነው ይሂዱ። አፈሙዙን ወደ ማንም ባልዞረበት አቅጣጫ ይያዙ።

መዶሻውን በአውራ ጣት በጣም በዝግታ ይሳቡ፣ በሌላው እጅ ጣት ሲሊንደሩን በስሱ ይቃወሙት። መዶሻው ተስቦ ከመቆሙ በፊት ወይም እኩል ሲሊንደሩ «ቀጭ» ብሎ መቆለፍ አለበት። መዶሻው ቆሞ ሲሊንደሩ ገና ከተንሸራተተ ጊዜውን ስቷል። ከዚያ መዶሻውን በአውራ ጣት አጥብቀው ይዘው፣ ምላጩን ስበው፣ ቀስ አድርገው ያውርዱት። ስድስቱንም ጉድጓድ እንዲሁ ያድርጉ፤ አምስቱ ደህና ሆነው ስድስተኛው የሚያሳፍር ሽጉጥ አይቻለሁ። መዶሻው ተስቦ እያለ ከኋላው በመጠነኛ ኃይል በአውራ ጣት ይግፉት። ምላጭ ሳይነካ ከወደቀ አንድ «አዋቂ» ምላጩን ለማለስለስ የውስጡን ጥርስ ሞርዶታል። ይህ አደገኛ ነው፤ በነጻ ቢሰጥዎትም ጠጋኝ ሳያየው እንዳይተኩሱበት።

ቀጥሎ ሲሊንደሩን ተዘግቶ ሳለ ወደፊትና ወደኋላ ይግፉት። እምብዛም መንቀሳቀስ የለበትም። በሲሊንደሩና በአፈሙዙ ሥር መካከል ያለው ክፍተት ከ0.10 እስከ 0.25 ሚሊሜትር ቢሆን ጥሩ ነው። መካኒክ የካንዴላ ክፍተት የሚለካባቸው ስስ ብረቶች ለዚህ ይበቃሉ፤ እኔ በኪሴ ይዤ እዞራለሁ፣ ሻጮች ሲያዩኝ ዋጋ ከመናገራቸው በፊት ይተነፍሳሉ። ወደ ጎን የሚኖር ጥቂት ውዝዋዜ ግን ተፈጥሮው ነው።

በእጀታው የፊት ብረት ታችኛው ክፍል ላይ አንዲት ብሎን አለች። የዋናውን ሞላ ውጥረት የምትወስነው እሷ ናት፤ እስከ መጨረሻው መጥበቅ አለባት። ምላጩ እንዲለሰልስ ብለው የሚያላሏት ብዙዎች ናቸው፤ ውጤቱ መዶሻው ጥይቱን ሳያስነሳ ሲቀር ነው። «ይህ ሽጉጥ ይከሽፋል» ተብሎ በርካሽ የተሸጠ ሽጉጥ በሩብ ዙር ካቻቢቴ ሲድን አይቻለሁ። እርስዎም ቢያገኙት ዝም ብለው ይግዙና ቤትዎ ያጥብቁት።

አፈሙዙን በስልክ መብራት ይመልከቱ፤ ከኋላ ነጭ ወረቀት ይያዙ። ጠመዝማዛ መስመሮቹ ስለታም ይሁኑ። በመካከል ጥቁር ቀለበት የመሰለ ጥላ ካዩ፣ አንድ ጊዜ ጥይት ተሰንቅሮ ሌላ ተተኩሶበት አብጧልና ይተዉት። የአፈሙዙ ሥር፣ ጥይቱ ከሲሊንደር ዘሎ የሚገባበት አንገት፣ ስንጥቅ እንደሌለው ይዩ። ሞዴል 19 በዚህ ቦታ ከታች ስለሚሳሳ በጠንካራ ጥይት ሊሰነጠቅ ይችላል፤ የትልቁ አካል አንገት ግን ወፍራም ነው። ያንን ክብደት በወገብ የተሸከሙት ፖሊሶች ለእኛ የከፈሉልን ዋጋ ነው ማለት ይቻላል። ከአንገቱ በላይ በአካሉ ጣሪያ ላይ የእሳት ጭረት ቢኖር አይደንግጡ፤ ጥቂት ይቆርጥና ይቆማል።

አንድ ወጥመድ ደግሞ አለ። ፖሊሶች በ.38 ስለተለማመዱ በጉድጓዶቹ ውስጥ የአጭሩ ቀለህ አፍ የሚደርስበት ቦታ ላይ የጥላሸትና የእርሳስ ቀለበት ይጋገራል። ረጅሙ .357 እዚያ ሲደርስ ይያዛል፤ ሰው «ጉድጓዱ ተበላሽቷል» ይላል። ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው የነሐስ ብሩሽና ትዕግሥት ብቻ ነው።

አምስተኛ፦ ዋጋ

ሻጭ የጠየቀበትን ሳይሆን የተሸጠበትን ዋጋ ይዩ፤ የጨረታ ድረ ገጾች ያለፉ ሽያጮችን ያሳያሉ። የመጀመሪያው ሣጥን፣ አብረውት የመጡት የመፍቻና የማጽጃ ዕቃዎችና ወረቀቱ ካሉ ዋጋ ይጨምራሉ። በብሎኑ ዙሪያ አልማዝ ቅርጽ የተተወባቸው የዋልነት እንጨት እጀታዎች እስከ 1960ዎቹ መጨረሻ ድረስ የተሠሩ ናቸው፤ ለብቻቸው ገበያ አላቸው። በአሮጌዎቹ የቀኙ እንጨት ጀርባ ላይ የሽጉጡ መለያ ቁጥር ስለሚጻፍ ከራሱ ጋር የተወለደ መሆኑን ማረጋገጥ ይቻላል።

ለታሪክ አይክፈሉ። «ይህ የታዋቂው የቴክሳስ ሬንጀር ነበር» ከተባለ ወረቀቱን ይጠይቁ። ወረቀት ከሌለ ታሪኩን በነጻ ያዳምጡ፣ ለብረቱ ብቻ ይክፈሉ።

ስድስተኛ፦ ቤት ሲገባ

በመጀመሪያ ያጽዱ። ማሟሚያ፣ የነሐስ ብሩሽ፣ የጥጥ ጨርቅ፣ ጥቂት ዘይት፤ ጥቂት ስል ጥቂት ነው፣ የበዛ ዘይት ውስጡ ገብቶ ከዓመታት በኋላ እንደ ማር ይጠጥራል። በተለይ ከቀለህ ማውጫው ኮከብ ሥር ያለውን ቆሻሻ አይርሱ፤ እዚያ የቀረች አንዲት የባሩድ ቅንጣት ሲሊንደሩ እንዳይዞር ታደርጋለች። ሲጨርሱ እጅዎን በቀዝቃዛ ውኃና በሳሙና ይታጠቡ፤ እርሳስ መርዝ ነው፣ እየበሉ አያጽዱ።

ሽጉጡን በቆዳ ማኅደር ውስጥ አያስቀምጡ። ቆዳው ሲለፋ የገባበት ጨውና ከአየሩ የሚስበው እርጥበት በአንድ ክረምት ሃምሳ ዓመት የቆየ ቅብ ይበላሉ። ማኅደሩን ለብቻው ይስቀሉት፣ ሽጉጡን በሳጥን ቆልፉበት፣ ጥይቱን ሌላ ቦታ። ልጆች ባሉበት ቤት ደግሞ ቁልፉ የት እንዳለ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ይሁን። አባቶቻችን ምንሽራቸውን ከራስጌ ይሰቅሉ ነበር፤ የእኛ ልጆች ግን ወንበር ላይ መውጣት ያውቃሉ።

ከዚያ ይተኩሱበት። የዓይንና የጆሮ መከላከያ ያድርጉ፤ የግራ እጅዎ ጣቶች ከሲሊንደሩ ፊት እንዳይደርሱ ይጠንቀቁ፣ በዚያ ክፍተት የሚወጣው ነበልባል ሥጋ ይቆርጣል። በ.38 ስፔሻል ይጀምሩ። 1.2 ኪሎ ብረት ያን ጥይት ውጦ ያስቀረዋል፤ ሽጉጡ እጅዎ ውስጥ ገፋ ብቻ ያደርግዎታል። መዶሻውን ሳይስቡ ምላጩን ብቻ ረጅሙን ጉዞ ቀስ ብለው ይጎትቱ፦ ሲሊንደሩ ሲዞር በጣትዎ ይሰማዎታል፣ ሲቆለፍ ይሰማዎታል፣ ከዚያ እንደ ብርጭቆ ሰበር ይላል። የዛሬ ሽጉጥ ይህን አይነግርዎትም። ስድስት ስድስት እያሉ ሃምሳ ጥይት ከጨረሱ በኋላ አንድ ሲሊንደር ሙሉ .357 ይሞክሩ። አጠገብዎ ያሉት ሁሉ ዘወር ብለው ያይዎታል።

የመጀመሪያውን፣ የሚያንጸባርቀውን፣ ሸጥሁት፤ ቅቡ እንደታደሰ ለገዢው ነግሬ። ሁለተኛዬ ሰረዝ ሁለት ነው፤ አፈሙዙ ጫፍ ላይ ነጭ የሆነ፣ የጎማ እጀታ የነበረው፣ ጉድጓዶቹ በጥላሸት የታፈኑ ስለነበሩ በርካሽ የተሸጠልኝ። በእጀታው ጀርባ ብረት ላይ 47 የሚል ቁጥር ተቆርጦበታል። የስሚዝ ኤንድ ዌሰን የታሪክ ፋውንዴሽን በክፍያ መዝገብ አይቶ ሽጉጡ መቼና ወዴት እንደተላከ የሚገልጽ ደብዳቤ ይሰጣል፤ ጻፍሁላቸው። ወራት ጠብቄ ደብዳቤው ሲደርሰኝ የየትኛው ፖሊስ መሥሪያ ቤት እንደሆነ ለማንበብ ቆሜ ነበር የከፈትሁት። የተላከው ለአንድ የብረታ ብረት ዕቃ ጅምላ ነጋዴ ነው ይላል። 47 ማን እንደነበረ እስካሁን አላወቅሁም።